ጀብዱን አትሞ መሸጥ

በ1974 መጀመሪያ ላይ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ፣ ቲኤስአር የተባለ ገና በእግሩ ያልቆመ ድርጅት ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍትን በአንድ ካርቶን አሽጎ በ10 ዶላር መሸጥ ጀመረ። የመጀመሪያው ሕትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ከሁለቱ ደራሲዎች አንዱ ጋሪ ጋይጋክስ የኢንሹራንስ ሥራውን ካጣ በኋላ በቤቱ ምድር ቤት ጫማ እየጠገነ ልጆቹን የሚያሳድግ የጦርነት ጨዋታ አፍቃሪ ነበር። ሌላው ዴቭ አርነሰን ከጎረቤት ግዛት ከሚኒሶታ የመጣ፣ ዕድሜው ገና በሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይላል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ይቀመጣል። አንዱ መሪ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ አንዱ ተዋጊ፣ አንዱ አስማተኛ፣ አንዱ ካህን፣ አንዱ ሌባ። መሪው «ደረጃውን ወርዳችሁ ከአንድ የብረት በር ፊት ደርሳችኋል፤ ከውስጥ የሰንሰለት ድምፅ ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቾቹ ይመካከራሉ፣ ይከራከራሉ፣ የሚያደርጉትን ይናገራሉ። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። እንደ ገበጣ አሸናፊና ተሸናፊ የለውም፤ ቡድኑ በሕይወት ከወጣ ለሳምንት ይቀጠራል። ዳንጀን የሚሉት በክፍሎችና በመተላለፊያዎች የተሞላ፣ ጭራቅም ውድ ሀብትም የሚገኝበት የምድር ውስጥ ሕንፃ ነው።

በዚያ ካርቶን ውስጥ ያልነበረው ነገር ታዲያ ጀብዱው ራሱ ነበር። ሕጉ አለ፣ የጭራቆቹ ዝርዝር አለ፣ የአስማቱ ዓይነት አለ። ተጫዋቾቹ የሚገቡበት ዳንጀን ግን ለናሙና ከተሳለ ቁራጭ በቀር የለም። ሦስተኛው መጽሐፍ መሪውን የሚያዝዘው ባለ ካሬ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቁጭ ብሎ የወለሎቹን ካርታ በራሱ እጅ እንዲስል ነበር። የመጽሐፉ መዝጊያም ሌላ ሰው ለምን ያስብላችኋል የሚል መንፈስ አለው።

ይህ ስንፍና አልነበረም። ጨዋታው የተወለደው እንዲያ ነበርና ነው። በ1969 ዴቪድ ዌስሊ የተባለ የሚኒሶታ ተጫዋች ብራውንስታይን በተባለች የፈጠራ ከተማ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የተለየ ሚና ሰጥቶ አጫወተ፤ አርነሰን ከዚያ ተነሥቶ ብላክሙር የተባለ የራሱን ዓለም ፈጠረ፤ ጋይጋክስ ደግሞ የብላክሙርን ጣዕም ከቀመሰ በኋላ ግሬይሆክ የተባለ ግንብ ሥር የራሱን ዳንጀን ቆፈረ። እያንዳንዱ መሪ የራሱን ዓለም የሠራ ነው። የሌላ ሰው ዳንጀን ገዝቶ የሚያጫውት መሪ ይኖራል ብሎ ማን ያስብ?

በ1975 ብላክሙር በሚል ርዕስ በወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ ውስጥ አርነሰን «የእንቁራሪቱ ቤተ መቅደስ»ን አካተተ። ለዚህ ዓይነት ጨዋታ በሕትመት የወጣ የመጀመሪያው ጀብዱ ይኸው ነው ይባላል። ረግረግ መካከል ያለ ቤተ መቅደስ፣ ገዳይ እንቁራሪቶችን የሚያራባ ማኅበር፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ሊቀ ካህን። ጽሑፉ የቦታ መግለጫ እንጂ ታሪክ አይደለም፤ ተጫዋቾቹ ለምን እንደሚሄዱና ገብተው ምን እንደሚያደርጉ አይናገርም። ቤቱ ይኸውላችሁ፣ ሰዎቹ እነዚህ ናቸው፣ ግቡ።

በዚያው ዓመት ግን ወደ ሕትመት የሚገፋ ሌላ ኃይል መጣ፤ ውድድር። በባልቲሞር በተካሄደው የመጀመሪያው ኦሪጅንስ የተጫዋቾች ጉባኤ ላይ ጋይጋክስ «የአስፈሪው መቃብር» የተባለ ጀብዱ ይዞ ቀረበ። ብዙ ቡድን በተለያየ ጠረጴዛ ይጫወትና ውጤቱ ይነጻጸራል። ለዚህም የሁሉም ጠረጴዛ ዳንጀን አንድ መሆን አለበት፤ አንዱ መሪ በሩን ቆልፎ ሌላው ክፍት ቢተወው ዳኝነት የለም። ስለዚህ በመሪው ጭንቅላትና በቆሻሻ ወረቀት ላይ ይኖር የነበረው ነገር በሥርዓት ተጽፎ መባዛት ነበረበት። የታተመው ጀብዱ አባት ንግድ ሳይሆን ዳኝነት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ገበያውን ያዩት ሌሎች ነበሩ። በ1976 ዊ ዎሪየርስ የተባለ ትንሽ አሳታሚ «የደም መጣጯ ንግሥት ቤተ መንግሥት»ን ለብቻው አትሞ አወጣ። በዚያው ክረምት ከኢሊኖይ ግዛት ዲኬተር ከተማ ቦብ ብሌድሶ የተባለ ሰው ወደ ሌክ ጄኔቫ ሄዶ የቲኤስአርን ሰዎች ለጨዋታው ካርታና ጀብዱ ልሥራ ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። እንደሚነገረው ይህን ማን ይገዛል ብለው ነበር፤ ቢሆንም ፈቀዱለት። ብሌድሶና ባልደረባው ቢል ኦዌን ጃጅስ ጊልድ የተባለ ድርጅት አቋቁመው፣ ሱቁና መንገዱ አንድ በአንድ የተሰየመ የአንዲት ግዙፍ ከተማ ካርታ ማውጣት ጀመሩ። ደንበኛው ተሰለፈ። ሥራ ያለው፣ ትዳር ያለው፣ ማክሰኞ ማታ ጓደኞቹ ቤቱ የሚመጡበት መሪ ለካ ካርታ ለመሳል ጊዜ አልነበረውም።

ቲኤስአር ነገሩ የገባው በ1978 ነው። ጋይጋክስ የተጫዋቾችን መመሪያ መጽሐፍ በመጻፍ ተጠምዶ ሳለ ለመተንፈሻ ያህል ስለ ግዙፋን ሦስት ጀብዱዎች ጻፈ፤ የኮረብታው ግዙፍ አለቃ ሠፈር፣ የበረዶው ግዙፍ ገደል፣ የእሳቱ ግዙፍ ንጉሥ አዳራሽ። በሐምሌ ወር በሚሺጋን አን አርበር በተካሄደው ኦሪጅንስ ለውድድር ቀርበው ወዲያው ለሽያጭ ዋሉ። ሞጁል የሚለው ስም የጸናውም በእነዚህ ነው። የመጀመሪያው ስምንት ገጽ ብቻ ነው። ሽፋኑ ከገጾቹ ጋር አልተሰፋም፤ ይላቀቃል። ካርታው በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በፈዛዛ ሰማያዊ ቀለም ታትሟል። መሪው ሽፋኑን ከፊቱ አቁሞ ካርታውን ከተጫዋቾቹ ይሸሽግበታል። ሰማያዊው ቀለም ደግሞ የዘመኑ የፎቶ ኮፒ ማሽን ስለማይይዘው የተመረጠ ነው ይባላል።

በኮረብታው አለቃ አዳራሽ ውስጥ ግብዣ አለ። ጽሑፉ በአዳራሹ ስንት ግዙፍ እንዳለ፣ አለቃው የት እንደተቀመጠ፣ ማን ሰክሮ እንደተኛ ይነግራል። ከዚያ በኋላ ያለውን ለጠረጴዛው ይተዋል። አንዱ ቡድን በኩሽናው በኩል ሾልኮ ይገባል፤ ሌላው ጣሪያውን ያቃጥላል፤ ሦስተኛው አሽከር መስሎ ወይን ይቀዳል። ስምንት ገጽ ስድስት ሳምንት ያጫውታል።

«የአስፈሪው መቃብር»ም በዚያው ዓመት ለሽያጭ ወጣ፤ ለተጫዋቾች ብቻ የሚታይ የሥዕል ደብተር ተያይዞለታል። መሪው «ይህን ታያላችሁ» ብሎ ሥዕሉን ይገልጣል። ከሥዕሎቹ አንዱ በግድግዳ ላይ የተቀረጸ፣ አፉን የከፈተ አረንጓዴ የሰይጣን ፊት ነው። አፉ ጥቁር ነው፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ይገባበታል። የገባ አይመለስም፤ ዳይስ የለም፣ ዕድል የለም፣ ጠፋ ማለት ጠፋ ነው። ጋይጋክስ ይህን የጻፈው ገጸ ባሕርያቸው ከልክ በላይ ኃያል ሆኖ የማይሸነፉ ለመሰላቸው ተጫዋቾች ነበር። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ መቃብሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጫወት ሰው አላቀርብም።

ለጀማሪዎች የተሠራው ሌላ ነው። በ1978 መጨረሻ ገደማ ቲኤስአር በጀማሪዎቹ ካርቶን ውስጥ ማይክ ካር የጻፈውን «ያልታወቀውን ፍለጋ» የተባለ ሞጁል መክተት ጀመረ። ሮጋንና ዜሊጋር የተባሉ ሁለት ጀብደኞች ሠርተውት ሄደው ያልተመለሱበት ምሽግ ነው። ክፍሎቹ ተገልጸዋል፤ አንዱ ክፍል ውስጥ በልዩ ልዩ ፈሳሽ የተሞሉ ገንዳዎች ተደርድረዋል፣ አንዱ ውስጥ ቀለማቸው የሚያስደነግጥ እንጉዳዮች በቅለዋል። በእያንዳንዱ መግለጫ ሥር ግን ሁለት ባዶ መስመሮች አሉ። በአንደኛው ላይ «ጭራቅ»፣ በሁለተኛው ላይ «ውድ ሀብትና ቦታው» ተብሎ ተጽፏል፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ከመጽሐፉ ኋላ የጭራቆችና የሀብቶች ዝርዝር አለ፤ መሪው እየመረጠ በእርሳስ ይሞላል። ያገለገለ ቅጂ ያጋጠመው ሰው የአንድ አሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የእጅ ጽሑፍ ሊያገኝበት ይችላል፤ ከወጥ ቤቱ ሥር «ሁለት ኦርክ»፣ ከአልጋው ሥር «አርባ ወርቅ»። ከዚያ በኋላ ብዙ ጥበበኛ ነገር ታትሟል፤ እንደዚያ ባዶ መስመር ሥራ የሚያስተምር ግን ብዙ አላየሁም።

ቀጥሎ በካርቶኑ ውስጥ ቦታውን የወሰደው የጋይጋክስ «የድንበሩ ምሽግ» ነው። በጀማሪ ካርቶን ውስጥ ስለተሸጠ ከሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሠራጭቷል ተብሎ ይገመታል። በአንድ ወገን ሰው የሚኖርበት ምሽግ፣ በሌላ ወገን አሥራ አንድ ዋሻዎች ያሉበት ሸለቆ፣ በመካከላቸው ጫካና ረግረግ። በምሽጉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ስም የላቸውም፤ የምሽጉ ሹም፣ አንጥረኛው፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ይላቸዋል እንጂ። ስሙን የሚያወጣው መሪው ነው።

በዋሻዎቹ ውስጥ ያለው ግን በጥንቃቄ የተሰናሰለ ነው። ጎብሊን የተባሉት ትንንሽ ጭራቆች ከጎናቸው ኦገር የተባለ ግዙፍ ጭራቅ ጎረቤት አላቸው። ጥቃት ሲደርስባቸው በሚስጥር በር በኩል 250 ወርቅ የያዘ ከረጢት ይወረውሩለታል፤ ኦገሩም ገንዘቡን ካየ መጥቶ ይዋጋላቸዋል። ይህን የደረሰበት ተጫዋች ምን ያደርጋል? ብልጥ ከሆነ ቀድሞ ሄዶ ለኦገሩ የበለጠ ይከፍለዋል። በሸለቆው ያሉት ነገዶች እርስ በርስ እንደማይዋደዱም መጽሐፉ ለመሪው ይጠቁመዋል፤ አጋጭቶ ማለፍ ይቻላል። የትም ቦታ ላይ «ተጫዋቾቹ እንዲህ ያደርጋሉ» አይልም።

ሽያጩ በዚህ ጊዜ ተተኮሰ። በ1979 ሚሺጋን ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲጠፋ ጋዜጦች ያለማስረጃ ጨዋታውን ወነጀሉ፤ ውንጀላው ሐሰት ሆኖ ቢገኝም ስሙን በመላው አሜሪካ አስጠራው። ቲኤስአር ሞጁል በሞጁል ላይ ማተም ያዘ። አዲስ ልማድም መጣ፤ መሪው ቃል በቃል ለተጫዋቾች የሚያነበው ጽሑፍ በሳጥን ውስጥ ተከልሎ ይታተም ጀመር። ለጀማሪ መሪ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ሳጥኑ ገጽ ሙሉ ሲሆን ተጫዋቾቹ መክሰስ ፍለጋ ይነሣሉ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

በዚህ ጊዜ ከዩታ ግዛት ትሬሲና ሎራ ሂክማን የተባሉ ባልና ሚስት ብቅ አሉ። ጀብዱዎቻቸውን በራሳቸው ወጪ ያሳትሙ ነበር፤ ትሬሲ በ1982 ቲኤስአር ተቀጠረ። ከዓመታት በፊት በአንድ ዳንጀን ውስጥ ሲጫወት ከክፍሎቹ በአንዱ ያለ ምክንያት የተቀመጠ ደም መጣጭ አጋጥሞት፣ ይህ ፍጡር እዚህ ምን ይሠራል ብሎ ግራ ተጋብቶ ነበር። መልሱ በ1983 ሬቨንሎፍት ሆኖ ወጣ። ባሮቪያ የተባለች በጉም የታጠረች ሸለቆ፣ ከገደሉ ጫፍ ላይ ግንብ፣ በግንቡ ውስጥ ስትራድ ፎን ዛሮቪች። ስትራድ ክፍሉን ተቀምጦ የሚጠብቅ ጭራቅ አይደለም። የወንድሙን እጮኛ ወድዶ ወንድሙን የገደለ መስፍን ነው፤ እንደ ሰው ያስባል፣ ተጫዋቾቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ ራሱ ይመጣባቸዋል።

ሂክማኖች ያደረጉት ሌላው ብልሃት የካርታ ሟርቱ ነው። ተጫዋቾቹ ዕጣቸውን የምትነግር አሮጊት ድንኳን ይገባሉ። መሪው እውነተኛ የመጫወቻ ካርታ በጠረጴዛው ላይ ይገለብጣል፤ በወጣው ካርታ መሠረት ስትራድ የሚሸነፍበት ሰይፍ የት እንደተደበቀ፣ ስትራድ ራሱ የት እንደሚገኝና ምን እንደሚፈልግ ይወሰናል። ያው መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ቢጫወቱት ሁለት የተለያየ ሌሊት ነው። በዚህ ላይ የዴቪድ ሰዘርላንድ የግንብ ካርታዎች አሉ፤ ከላይ ሳይሆን ከጎን ጋደል ተደርገው ስለተሳሉ ወለል በወለል ላይ፣ ደረጃ በደረጃ ላይ ይታያል። ታሪክና ነፃነት በአንድ ሠላሳ ሁለት ገጽ ውስጥ የታረቁበት ሥራ ነው።

ዕርቁ ብዙ አልቆየም። በ1984 ድራገንላንስ መጣ። ትሬሲ ሂክማንና ባልደረቦቹ በተከታታይ ሞጁሎች የሚነገር አንድ ትልቅ የጦርነት ታሪክ አቀዱ፤ ትሬሲም ከማርጋሬት ዋይስ ጋር ያንኑ ታሪክ በልብ ወለድ ጻፈው። ልብ ወለዱ በዓለም ዙሪያ ተነበበ። ችግሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። የልብ ወለዱ ጀግኖች በሞጁሉ ውስጥ የተጫዋቾቹ ገጸ ባሕርያት ናቸው፤ ለቀጣዩ ክፍል የሚያስፈልግ ጀግና መሞት የለበትም። ስለዚህ መጽሐፉ አንድ ገጸ ባሕርይ ቢሞት አሟሟቱ በግልጽ እንዳይታይና በኋላ ተመልሶ እንዲመጣ መሪውን ይመክራል። ተጫዋቹ ወደ ሰሜን ልሂድ ሲል መጽሐፉ በጦር ሠራዊት አጥሮ ወደ ደቡብ ይመልሰዋል። ተጫዋቾች ይህን «በሐዲድ ተነዳን» ብለው ያማርራሉ፤ ቅሬታው ከዚያ ዘመን ጀምሮ አልበረደም። እኔም ድራገንላንስን ማንበብ እወዳለሁ፤ ማጫወት ግን ሌላ ነገር ነው።

በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ ኬኦዚየም የተባለው አሳታሚ ለሌላ ጨዋታ፣ ለኮል ኦቭ ክቱሉ፣ ፍጹም የተለየ መልስ አመጣ። ላሪ ዲቲሊዮና ሊን ዊሊስ የጻፉት «የናያርላቶቴፕ ጭምብሎች» ነው። ድራገንና ሰይፍ የለበትም፤ ዘመኑ 1925 ነው፤ ተጫዋቾቹ ኒው ዮርክ ላይ የአንድ ወዳጃቸውን ግድያ ሲመረምሩ ነገሩ ወደ ለንደን፣ ወደ ካይሮ፣ ወደ ኬንያ፣ ወደ ሻንጋይ ይመዘዛል። በሣጥኑ ውስጥ ለተጫዋቾች በእጅ የሚሰጡ ወረቀቶች አሉ፤ የጋዜጣ ቁራጭ፣ ደብዳቤ፣ ከሻንጋይ መጠጥ ቤት የመጣ የክብሪት ሣጥን። መሪው ክብሪቱን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጎ ዝም ይላል። መጀመሪያ ካይሮ እንሂድ ወይስ ለንደን የሚለውን የሚወስኑት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ መጽሐፉ ለየትኛውም መልስ ተዘጋጅቷል። ብዙ ቃል ተጽፎበት ሐዲድ ያልሆነ መጽሐፍ መሥራት እንደሚቻል በዚያው በ1984 ታይቷል።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። በ1985 ቲኤስአር ለስድስት ዓመት ያህል የተጠበቀውን «የክፉ ኃይላት ቤተ መቅደስ» በፍራንክ ሜንትዘር አጠናቃቂነት አወጣ፤ ጋይጋክስ በዚያው ዓመት የድርጅቱን አመራር ተነጠቀ። በ1986 ዳንጀን የተባለው መጽሔት ተጀመረ፤ አንባቢዎች የላኩትን ጀብዱ እየመረጠ ስለሚያትም የብዙ ጸሐፊዎች ትምህርት ቤት ሆነ። በዘጠናዎቹ ቲኤስአር ብዙ የሚያምሩ ካርቶኖችን አትሞ በዕዳ ተዘፈቀ። በ1997 ማጂክ በተባለው የካርታ ጨዋታ የከበረው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ገዛው።

አዲሱ ባለቤት በ2000 ሦስተኛውን እትም ሲያወጣ የጨዋታውን መሠረታዊ ሕግ ማንም እንዲጠቀምበት በክፍት ፈቃድ ለቀቀ። የቲኤስአር ሰዎች በ1976 ለብሌድሶ በአፍ የፈቀዱትን አሁን ጠበቃ ጻፈው። በየቦታው ትንንሽ አሳታሚዎች ተነሡ። ዊዛርድስ በበኩሉ የራሱን የጀብዱ ተከታታይ በብሩስ ኮርዴል «ፀሐይ አልባው ምሽግ» ጀመረ። እዚያ ውስጥ ሚፖ የሚባል ኮቦልድ አለ፤ ኮቦልድ ማለት ማንም ጀማሪ ተዋጊ በአንድ ምት የሚጥለው ድንክዬ ፍጡር ነው። ተጫዋቾቹ ሲደርሱ ሚፖ ያለቅሳል፤ እንዲጠብቅ የተሰጠው የነጭ ድራገን ግልገል ተሰርቆበታል። ለመጽሐፉ የአንድ ክፍል ማሟያ ነው። በየጠረጴዛው ግን ተጫዋቾች አዘኑለት፣ ይዘውት ሄዱ፣ አስታጠቁት፣ ሲሞት ቀበሩት። ደራሲው ያላቀደውን ዝና ተጫዋቾቹ ሰጡት።

በ2002 ፓይዞ የተባለ ድርጅት የዊዛርድስን መጽሔቶች ሕትመት ተረከበ። በዳንጀን ላይ ጀብዱዎችን በተከታታይ እያያያዘ፣ ገጸ ባሕርያቱን ከመጀመሪያ ደረጃ እስከ መጨረሻው የሚያደርስ የዓመት ጉዞ ማተም ጀመረ። በ2007 ዊዛርድስ ውሉን ሳያድስ ቀረ። ፓይዞ አልተበተነም፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ፓዝፋይንደር በሚል ስም የራሱን ተከታታይ ማውጣት ጀመረ። በ2009 የራሱን ጨዋታ ሙሉ ሕግ አሳተመ። ልብ በሉ፤ ጀብዱው ቀድሞ፣ ጨዋታው ተከተለ። የ1974ቱ ካርቶን የተገላቢጦሽ ነው።

በ2008 መጋቢት ጋይጋክስ ሞተ፤ አርነሰን በሚያዝያ 2009 ተከተለው። በመካከሉ አራተኛው እትም ወጥቶ ነበር። የዚያ እትም ሞጁሎች እያንዳንዱን ውጊያ በሁለት ትይዩ ገጽ ላይ አስፍረው፣ ጭራቁ የቆመበትን ካሬ ሳይቀር ያሳያሉ። ለመሪው ድካም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጀብዱው ከውጊያ ወደ ውጊያ መዝለል ሆነ። በአንጻሩ የሰባዎቹን ሕጎች እየቀዱ ባለ ስምንት ገጽ ሞጁሎችን እንደገና የሚጽፉ ወገኖች በየአገሩ ተነሡ። ያረጀ የተባለው አጭር ጽሑፍ እንደገና ፋሽን ሆነ።

አምስተኛው እትም በ2014 በሐምሌ ሲመጣ ሰዎችን ያስተዋወቃቸው በ20 ዶላር በሚሸጥ የጀማሪ ካርቶን ውስጥ ያለው «የፋንዴልቨር የጠፋ ማዕድን» ነበር፤ የሪቻርድ ቤከርና የክሪስ ፐርኪንስ ሥራ ነው። ተጫዋቾቹ አንድ ጋሪ ስንቅ እየነዱ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ይሄዳሉ። መንገዱ ላይ ሁለት የሞቱ ፈረሶች ተጋድመዋል። ከቁጥቋጦው ጎብሊኖች አድፍጠዋል። ጀብዱ እንዲህ ይጀመራል፤ መጠጥ ቤት ተቀምጦ ሥራ የሚሰጥ ሽማግሌ መጠበቅ የለም። ከከተማዋ ከደረሱ በኋላ ደግሞ የተለያዩ ሰዎች የተለያየ ችግር ይዘው ይጠብቃሉ፤ የትኛውን ማስቀደም የተጫዋቾቹ ፈንታ ነው። ጉድለት አለበት፤ የመጀመሪያው ዋሻ ለአዲስ ገጸ ባሕርያት ጨካኝ ነው። ያም ሆኖ በዚህ ዘመን የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ከመሩት ሰዎች እጅግ ብዙዎቹ የጀመሩት በዚህ ነው።

ሬቨንሎፍት በ2016 «የስትራድ እርግማን» ተብሎ ከሁለት መቶ በላይ ገጽ ያለው መጽሐፍ ሆኖ ተመለሰ፤ ሂክማኖችም ተሳትፈውበታል። የካርታ ሟርቱ አለ። ሟርተኞቹ ግን ጥያቄ አስነሡ። በድንኳን የሚኖሩ፣ በሠረገላ የሚዞሩ፣ ሰካራምና አታላይ ተደርገው የተሳሉት ቪስታኒዎች በአውሮፓ በሮማ ሕዝብ ላይ ሲነገር የኖረውን ሐሜት የሚደግሙ ናቸው ተባለ፤ በ2020 የወጣው እትም መግለጫቸውን አሻሻለ። ማሻሻሉ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ብዙ መሪዎች ቀድመው በየጠረጴዛቸው አስተካክለውት ነበር።

በዚያው በ2016 ዊዛርድስ ማንም ሰው ጀብዱ ጽፎ የሚሸጥበትና ከዋጋው ግማሹን የሚወስድበት የኢንተርኔት ሱቅ ከፈተ። በ2022 ደግሞ ነጭ ያልሆኑ ጸሐፊዎች የጻፏቸው አሥራ ሦስት ጀብዱዎች በአንድ መጽሐፍ ወጡ፤ ከቤንጋል፣ ከፊሊፒንስ፣ ከፋርስ፣ ከጥንታዊት ማሊ መንፈስ የተቀዱ ናቸው። በ2023 ጥር ላይ ኩባንያው ያን የ2000 ፈቃድ ለማጥበብ ማሰቡ ሲሰማ ተጫዋቾች በቁጣ ተነሡ፤ ወሩ ሳያልቅ ኩባንያው አፈገፈገና መሠረታዊውን ሕግ ከበፊቱ በሰፋ ፈቃድ ለቀቀ።

ጨዋታው ሃምሳ ዓመት በሞላው ማግስት፣ በ2025፣ አዲስ የጀማሪ ካርቶን ወጣ። ጀብዱው የድንበሩ ምሽግና ዋሻዎቹ ናቸው።

መምራት ለመጀመር ላሰበ ሰው ምክሬ ይህ ነው። በፋንዴልቨር ጀምር፤ ከሰለቸህ ወደ ምሽጉ ሂድ። ጓደኞችህ ወሬ ማነፍነፍ ከወደዱ «ጭምብሎች»ን ግዛ፤ መቃብሩን ተወው። የትኛውንም ብትይዝ ከመጫወትህ በፊት እርሳስ አንሣና የማትወደውን ሰርዝ፤ መጽሐፉ ያንተ ነው።